ለዊንዶውስ እንክፈል ወይስ አንክፈል?

በማኅበራችን የ2018 ዓ.ም ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሒሳብና መዝገብ ኮሚቴ ያቀረበው ንግግር



ባለፈው ስብሰባ የዓመቱን የወጪ ዕቅድ ስናነብ «ለሦስት ኮምፒውተሮች ኦፕሬቲንግ ሲስተም መግዣ» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ አንዲት እናታችን እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ ይህ የምትሉት ነገር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ወይስ ቤት ውስጥ ይቀመጣል?» ብለው ጠየቁን። አዳራሹ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ቀጥላ ደግሞ አንዲት እኅታችን፣ «አገር ምድሩ በነጻ ያስጭናል፤ እኛ ስለ ምን ከቁጠባችን እናወጣለን?» አለች። ያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ አልነበረንም። ስለዚህ መስመሩን ከዕቅዱ አውጥተን፣ አጥንተን እንድንመለስ ጠየቅናችሁ። ዛሬ የመጣነው ለዚያ ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ በሁሉም ነገር አልተስማማንም። ያልተስማማንበትንም አንደብቃችሁም።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንናገር። ኮምፒውተር ብቻውን ብረትና ፕላስቲክ ነው። ትልቅ ድግስ ያለበትን ቤት አስቡ። ወጥ የምትሠራ አለች፣ እንጀራ የምታቀርብ አለች፣ ጠላ የሚቀዳ አለ፣ እንግዳ የሚያስቀምጥ አለ። ሁሉንም የምታስተባብር አንዲት ሴት ከሌለች ወጡ ያራል፣ እንግዳውም ደጅ ይቆማል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በመጻሕፍት «ስርዓተ ክወና» የሚባለው፣ የኮምፒውተሩ አስተባባሪ ነው። የምንጽፍበትን፣ የምናትምበትን፣ የምናስቀምጥበትን ሁሉ እሱ ያዛል። የበሩም ጠባቂ እሱ ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። እኛ አገር በብዛት የሚታወቀው የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ ነው። የአፕል ኮምፒውተሮች የራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሦስተኛው፣ በነጻ የሚሰጠው፣ ሊኑክስ ይባላል።

እኛ ሦስት ኮምፒውተር አለን። ሁለቱ ዴስክቶፖች ያገለገሉ ናቸው፤ አንዱን በቁጠባችን ገዛነው፣ ሁለተኛውን ደጋፊዎቻችን ሰጡን። ሦስተኛው አንዲት አባላችን አሜሪካ ያለች እኅቷ በአዲስነቱ ገዝታ የላከችልን ላፕቶፕ ነው። ሦስቱንም በየተራ ወደ አንድ ጠጋኝ ወስደን ፎርማት አስደረግን፤ ዊንዶውስ አስጫንን። ላፕቶፑን ሲያይ፣ «ይህ ከባዱ ዊንዶውስ ነው፣ ቀለል ያለውን ላድርግላችሁ» አለንና የነበረውን አጥፍቶ ሌላ ጫነበት። ቢሮና ሒሳብ የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞችም አብሮ ጨመረልን። የከፈልነው የእጁን ብቻ ነው። በርካሽ ተገላገልን ብለን ደስ ብሎን ተመለስን።

ያን ቀን አንድ ነገር አይተን ዝም ብለናል። ሰውየው ፕሮግራሙን «አክቲቬት» ለማድረግ ትንሽ ፋይል ከፍላሹ ከመክፈቱ በፊት አንቲቫይረሱን አጠፋው። ለምን ብለን ስንጠይቅ፣ «አለዚያ ይከለክለዋል» አለን። የቤታችን ዘበኛ «ይህን ሰው አላስገባም» ሲል፣ ዘበኛውን አስወጥተን ሰውየውን አስገባነው ማለት ነው። ያልነበረ ዕውቀት ነው፤ በዚያ ሰው ላይ ብቻ አንፈርድም። ብዙው ሰው የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ እኛም እንዲሁ እንዲሠራልን ፈልገን ነው የሄድነው።

በ2016 ዓ.ም ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ኮምፒውተሩን ስንከፍት ፋይሎቻችን ሁሉ ስማቸው ተቀይሮ አገኘናቸው። አንዱም አልከፈት አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ግን ይከፈታል። መዝገባችሁን ቆልፈነዋል፤ ቁልፉን ከፈለጋችሁ 980 ዶላር ክፈሉ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490 ዶላር ይበቃል ይላል። በተሰረቁ ፕሮግራሞች ውስጥ ተደብቆ የሚገባ፣ በብዙ አገር ሰዎችን ያስለቀሰ ቫይረስ መሆኑን በኋላ ተረዳን። አልከፈልንም። ከየት አምጥተን እንከፍላለን? ብንከፍልስ ሌባ ቃሉን እንደሚጠብቅ ምን ማረጋገጫ አለ?

ቅጂ ነበራችሁ ወይ ትሉናላችሁ። ነበረን፤ የታኅሣሥ ወር ቅጂ፣ በአንድ ፍላሽ ላይ። ከጥር እስከ ግንቦት ያለው አምስት ወር ጠፋ። የየሳምንቱ መዋጮ፣ የተሰጠ ብድር፣ የተመለሰ ብድር፣ ሁሉም። ከዚያ በኋላ ያለውን ታስታውሳላችሁ። በየቤታችሁ ያለውን የቁጠባ ደብተር ይዛችሁ እንድትመጡ ጠየቅናችሁ። ደረሰኝ ከደረሰኝ እያመሳከርን ክረምቱን ሙሉ መዝገቡን እንደገና በእጅ ጻፍን። ብዙው ተገኘ። ሁሉም ግን አልተገኘም።

አሁን የምንናገረውን ፈቃዷን ጠይቀን ነው የምንናገረው። ስሜን አትጥሩ ብላናለች፤ አንጠራም። ከመካከላችን ጉሊት ተቀምጣ ቅመም የምትሸጥ አንዲት እኅታችን የየካቲትንና የመጋቢትን የብድር ክፍያ ከፍላ ነበር። ደብተሯን የቤቷ ጣሪያ አፍስሶ ዝናብ አበላሽቶታል። የእኛ ደረሰኝ ጥራዝ ደግሞ አልተገኘም። እንደገና በጻፍነው መዝገብ ላይ ሁለት ወር አልከፈለችም የሚል ወጣ። «ከፍያለሁ» አለችን። እኛ ግን «መዝገቡ አያሳይም» አልናት። መዝገቡን ያጠፋነው እኛ፣ ውሸታም የሆነችው እሷ። ከቅጣቱ ጋር የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጠናት። ሁለተኛ ጊዜ አልተከራከረችም፤ የጆሮ ጌጧን ሽጣ ከነቅጣቱ ከፈለች።

ከአራት ወር በኋላ የደረሰኙ ጥራዝ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ ተገኘ። ሁለቱም ደረሰኞች አሉ፤ የራሳችን ፊርማ ነው። ገንዘቧን መለስንላት። ጌጡን ግን መመለስ አልቻልንም። ይቅርታ በቢሮ ጠይቀናታል፤ ነገር ግን ጥርጣሬው የተሰማው በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን አለበት። እኅታችን፣ እዚህ ተቀምጠሽ ትሰሚናለሽ። አንቺ እውነት ተናግረሻል፤ የተሳሳትነው እኛ ነን። ይቅር በይን።

ይህን የምንናገረው የሐዘን ወሬ ለማብዛት አይደለም። «በነጻ ነው» ያልነው ነገር ዋጋው ስንት እንደነበረ እንድታዩት ነው። ዋጋው ነበረ፤ የከፈለችው ግን ሌላ ሰው ናት። ከነገሩ ጦም እደሩ ይባል የለም? ያንን ያህል ዋጋ ለሚያስከፍል ነጻ ነገር ጦም ማደር ይሻለን ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ብንከፍልስ ስንት ነው? አዲሱ ዊንዶውስ 11፣ ለቤት የሚሆነው፣ ማይክሮሶፍት በአሜሪካ የሚሸጥበት ዋጋ 139 ዶላር ነው። ለመሥሪያ ቤት የሚሆነው «ፕሮ» የሚባለው 199 ዶላር ነው። ለስሌት እንዲመቸን አንድን ዶላር 150 ብር ብንይዘው፣ የቤቱ 20,850 ብር፣ የመሥሪያ ቤቱ 29,850 ብር ይሆናል። ለሦስት ኮምፒውተር የቤቱን ብንገዛ 62,550 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በማኅበራችን ምን እንደሚሠራ ከእኛ የበለጠ እናንተ ታውቃላችሁ። የጉሊት መነሻ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ስለዚህ ያቺ እኅታችን የጠየቀችው ጥያቄ የስስት ጥያቄ አይደለም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ዘንድሮ ያጣደፈው ሌላ ነገር አለ። በሁለቱ ዴስክቶፖች ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 በ2007 ዓ.ም ሐምሌ የወጣ ነው። ማይክሮሶፍት ለእሱ የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ማለት፣ ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ ነገር ግን አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት የለም። ድጋፉ ለተወሰነ ጊዜ የሚራዘምበት መንገድ አለ፤ እሱ ግን በሕጋዊ መንገድ ለተጫነ ዊንዶውስ ነው። የእኛ አይደለም። ወደ ዊንዶውስ 11 እንለፍ ብንል ደግሞ አዲሱ ዊንዶውስ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ፣ በተጨማሪም «ቲፒኤም 2.0» የሚባል የደኅንነት መሣሪያ ይጠይቃል። ሁለቱ ዴስክቶፖቻችን እድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ይህን አያሟሉም። ለእነሱ 41,700 ብር አውጥተን ፈቃድ ብንገዛ፣ በአግባቡ ሊቀበሉት ለማይችሉት ነገር ገንዘብ መክፈል ነው።

እዚህ ላይ ለከፋይ ወገን የሚነገረውንም በታማኝነት እንናገር። ከኮሚቴያችን አንዷ እስከ መጨረሻው በዚህ ወገን ቆማለች። ዊንዶውስ የገዛ ሰው ገንዘቡን አልጣለም። ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሲበላሽ የሚጠግን በየሰፈሩ አለ። አብዛኛው አታሚና ስካነር ያለ ችግር ይሠራበታል። ልጆቻችን ሥራ ሲወዳደሩ «ፒችትሪ ትችያለሽ? ኤክሴል ትችያለሽ?» ተብለው ነው የሚጠየቁት፤ ፒችትሪ ደግሞ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። ሕጉም አለ። የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍና እንደ ዜማ የባለቤቱ መብት የተጠበቀለት ሥራ መሆኑን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይደነግጋል። እኛ ተመዝግበን፣ ደረሰኝ ቆርጠን፣ ሒሳባችንን አስመርምረን የምንኖር ማኅበር ነን። የታማኝነት መዝገባችንን በተሰረቀ ዕቃ ላይ መጻፍ አያምርብንም። ይህ የእሷ ቃል ነው፤ ሦስታችንም ተቀብለነዋል።

ነገር ግን መክፈል ብቻውን እንደማያድን የሚያስተምር ታሪክም አለ። በግንቦት 2009 ዓ.ም «ዋናክራይ» የተባለ ቫይረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ150 በላይ አገሮች ደረሰ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ኮምፒውተራቸው ተቆልፎ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማስተካከያ ማይክሮሶፍት አስቀድሞ በመጋቢት አውጥቶት ነበር። የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። ከነሱ ብዙዎቹ ዊንዶውሱን በገንዘባቸው የገዙ ነበሩ። የገዛ ሁሉ አልዳነም፤ ያደሰ ነው የዳነ። እኛ ደግሞ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላብናል ብለን ማደሻውን ዘግተን ነበር የምንጠቀመው። ጥቂት ብር ለማዳን አምስት ወር ሙሉ መዝገብ አጣን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ያሳፈረንንም ያስደሰተንንም አንድ ነገር እንንገራችሁ። ስናጣራ አንድ ዕውቀት አገኘን። ፋብሪካ ውስጥ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚሸጡ ኮምፒውተሮች የፈቃዱ ዋጋ በኮምፒውተሩ ዋጋ ውስጥ የተከፈለ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በወጡት ላይ ቁልፉ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ፎርማት ቢደረግም አይጠፋም። ከአሜሪካ የመጣው ላፕቶፓችን የቤቱን ዊንዶውስ 11 ይዞ ነበር የመጣው። ጠጋኙ ሕጋዊውን አጥፍቶ የተሰረቀውን ጫነልን ማለት ነው። አንዲት የአባላችን ልጅ የዊንዶውስ 11ን መጫኛ ከማይክሮሶፍት ገጽ በነጻ አወረደች፤ የቤቱን ዓይነት መርጣ ጫነችው። ኢንተርኔት ሲያገኝ ቁልፍ ሳይጠይቀን ራሱ «አክቲቭ» ሆነ። የዚያች እኅት ስጦታ ውስጥ የተከፈለ ዊንዶውስ ነበረበት። እኛ አላወቅንም፤ የተከፈለልንን ጥለን የተሰረቀ ለበስን።

ለቀሩት ሁለቱ ዴስክቶፖች ወደ ሊኑክስ ሄድን። እዚህ ላይ «ነጻ» የሚለው ቃል እንደገና ያስፈራችኋል፤ ያስፈራል። እሱንም ጠይቀናል፤ ማን ሠራው? ስለ ምን በነጻ ይሰጣል? እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጀመረው። ከዚያ በፊት ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 «ማንም የሚጠቀምበት፣ ማንም የሚያየው፣ ማንም የሚያሻሽለው» ፕሮግራም እንሥራ ብሎ ሥራ ጀምሮ ነበር። የሁለቱ ሥራ ተገናኘ። ከዚያ በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ገቡበት። ብዙዎቹ ደመወዝ የሚከፈላቸው ናቸው፤ ትልልቅ ኩባንያዎች ራሳቸው ስለሚጠቀሙበት ሠራተኛ መድበው ያሠሩታል።

ይህን ስንሰማ ለእኛ አዲስ አልሆነብንም። ደቦ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ ያጭዳል፤ ነገ የሌላውን ያጭዳል። ደቦ በገንዘብ አይከፈልም ማለት በነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ንፍሮው አለ፣ ጠላው አለ፣ ነገ ተራህ ሲደርስ ጉልበትህ አለ። ከተሰረቀው የሚለየውም በዚህ ነው። ባለቤቶቹ «ውሰዱ» ብለው የሰጡት ነው፤ ዘበኛውን አስወጥቶ የሚገባ አይደለም። ማደሻውም በነጻ ይመጣል። በእጃችሁ ያለው የአንድሮይድ ስልክ ውስጡ ሊኑክስ ነው፤ ሳናውቀው ለዓመታት ስንጠቀምበት ኖረናል። ከዓይነቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 ማርክ ሻትልወርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ያስጀመረው ኡቡንቱ ነው፤ ስሙ በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰው በሰው ሰው መሆኑን የሚናገር ቃል ነው። እኛ የመረጥነው በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተውን ሊኑክስ ሚንት ነው፤ መልኩ ዊንዶውስን ለለመደ ሰው ይቀርባልና። 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውን ኮምፒውተር እንኳ ይቀበላል፤ 4 ቢሆን ግን ይሻላል።

ሁለት ወር ሞከርነው። በመጀመሪያ ምንም ሳንጭን ከፍላሽ ላይ አስነስተን አየነው፤ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። የሒሳብ ሠንጠረዦቻችንን ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ከፈትናቸው፤ ድምሩ ሁሉ ልክ መጣ። የአንዳንዱ ሠንጠረዥ መስመርና የፊደል መጠን ተዛብቶ ነበር፤ አስተካከልነው። አማርኛ መጻፊያውን ጨመርን፤ ጸሐፊያችን በሳምንት ውስጥ ለመደችው። ትልቁ ችግር የመጣው ከመተዳደሪያ ደንባችን ነው። ደንቡ ከዓመታት በፊት በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ስለሆነ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ። ሊኑክስን ወቀስን። በኋላ ግን ያ አጻጻፍ ቅርጸ ፊደሉ በሌለበት በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ፣ ዊንዶውስም ቢሆን፣ እንዲሁ እንደሚሆን ተረዳን። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደል ሥርዓት በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የእኛ ደንብ የተጻፈው በአሮጌው ልማድ ነበር። ዘጠኝ ምሽት ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው። አሁን በስልክም ይነበባል።

ያልሆነልንም አለ። ስካነሩ ከሊኑክስ ጋር አልስማማም አለ፤ ማተሙን ያትማል፣ ማንሳቱን ግን እምቢ አለ። ፒችትሪ አይገባበትም። ይህን ስንመረምር ደግሞ ሌላ ገመና ወጣ፤ የነበረን ፒችትሪም ያልተገዛ ነበር። አጠፋነው። የእኛ ዓይነት የቁጠባና የብድር ሒሳብ በጥሩ ሠንጠረዥ ይያዛል፤ በዚህ ሒሳብ መርማሪያችንም ተስማምተዋል። የሰፈራችን ጠጋኞች ደግሞ ሊኑክስን ብዙም አያውቁትም፤ ብልሽት በተነገራቸው ቁጥር «ፎርማት ላድርገውና ዊንዶውስ ልጫንላችሁ» ይላሉ። ስለዚህ የሊኑክስ ዋጋው ገንዘብ ሳይሆን ትምህርት ነው። የሚያውቀው ሰው ከመካከላችን መኖር አለበት። አለዚያ ተመልሰን እዚያው ነን፤ አልሸሹም ዞር አሉ።

እንግዲህ ኮሚቴው የደረሰበት ይህ ነው። ለኦፕሬቲንግ ሲስተም ገንዘብ መክፈል ይገባል ወይ ቢባል፣ የምትሠሩት ሥራ ያለ እሱ የማይሆን ከሆነና ኮምፒውተሩም የሚችለው ከሆነ፣ አዎ፣ ይገባል፤ ላፕቶፑ ፈቃድ ባይኖረው ኖሮ 20,850 ብሩን ከፍላችሁ ግዙልን ብለን እንጠይቃችሁ ነበር። ያ ካልሆነ በነጻ የተሰጠውን በአክብሮት መጠቀም ይሻላል። ሦስተኛው መንገድ፣ የተሰረቀው፣ ከእንግዲህ በማኅበራችን ቢሮ አይገባም። ከሁሉ በላይ ግን ገንዘባችን መዋል ያለበት በዕቃው ላይ ሳይሆን በጥበቃው ላይ ነው።

ስለዚህ ከ62,550 ብሩ ይልቅ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ላፕቶፑ ሕጋዊ ዊንዶውሱን ይዞ የስካነርና የደብዳቤ ሥራ ይሥራ፤ የሌላ ሰው ፍላሽ አይሰካበት። አንዱ ዴስክቶፕ በሊኑክስ የሒሳብ መዝገቡን ይያዝ። ሁለተኛው በሊኑክስ የልጆቻችን መለማመጃ ይሁን። ሁለት የውጭ ሃርድ ዲስክ ይገዛ፤ አንዱ በቢሮ፣ አንዱ በገንዘብ ያዥዋ ቤት ይቀመጥ፣ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ቅጂው ሲያልቅ ዲስኩ ይነቀል፤ እንደተሰካ ከቆየ ቫይረሱ እሱንም ይቆልፈዋል። ለማደሻ የሚሆን የኢንተርኔት ጥቅል በየወሩ ይመደብ። ሁለት ወጣት አባላት ሊኑክስን መጠገን ይማሩ፤ ለትምህርቱ የሚያወጡት የትራንስፖርት ወጪ ይሸፈን። የወረቀት ደረሰኙም ይቀጥል፤ ጥራዙ በቁልፍ ይቀመጥ። የእያንዳንዱን ወጪ የገበያ ዋጋ ጠይቀን በታደላችሁ ሠንጠረዥ ላይ አስፍረናል። ድምሩ ከመጀመሪያው ዕቅድ ያነሰ ነው።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱን ለእናንተ ድምፅ እንተወዋለን። ሁለታችን የልጆቹ መለማመጃ ለጊዜው ሊኑክስ ይበቃል እንላለን። ሦስተኛዋ ግን፣ «ቀጣሪዎች የሚፈልጉት ዊንዶውስ ነው፤ ልጆቻችንን በማኅበሩ አቅም ልክ አናሳንሳቸው» ትላለች። ልክ አይደለችም ማለት አንችልም። የእሷ ሐሳብ በዚህ ዓመት መቆጠብ ጀምረን፣ በሚቀጥለው ዓመት ፈቃዱን በሆዱ የያዘ፣ ያገለገለ ግን እድሜው ያልገፋ አንድ ኮምፒውተር እንግዛ የሚል ነው። ተወያዩበት።

በየቤታችሁ ኮምፒውተር ላላችሁም ጥቂት ምክር አለን። ከውጭ አገር የመጣላችሁን ኮምፒውተር ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት «ሴቲንግስ» ገብታችሁ «አክቲቬሽን» የሚለውን እዩ፤ የነበረውን የዊንዶውስ ዓይነት በወረቀት ጻፉ፤ ጠጋኙንም «ያንኑ መልስልኝ» በሉት። አንቲቫይረሱን አጥፉ የሚላችሁን ፕሮግራም አታስጭኑ፤ በዊንዶውስ 10ና 11 ውስጥ መከላከያው አብሮ የመጣ ነው። በጥቂት ዶላር የሚሸጥ የዊንዶውስ ቁልፍ ስታዩ አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ለትልቅ ድርጅት የተሰጠ ቁልፍ ተከፋፍሎ ነው፣ ቆይቶም ሊዘጋ ይችላል። የልጆቻችሁን ፎቶና የትምህርት ማስረጃ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል። ኮምፒውተር ስትሰጡን ትልቅ ነገር ነው የምትሰጡን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከእንግዲህ ስትልኩልን ግን የመጣበትን ዊንዶውስ ሳታጠፉ፣ ዓይነቱን በወረቀት ጽፋችሁ ላኩልን። በብር ሒሳብ ከውጭ ገጽ ፈቃድ መግዛት ለእኛ ቀላል አይደለም፤ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት በቅናሽ የሚሰጥ ፈቃድ ስላለም፣ አንድ ቀን መግዛት ሲያስፈልገን በዚያ በኩል እንድታግዙን እንጠይቃለን። ደግሞም ዕቃ ብቻ ሳይሆን የዕቃውን መጠበቂያ አስቡልን። ለዲስክ፣ ለጥቅል፣ ለትምህርት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ፎቶ አይነሳም፤ በሪፖርት ላይም አያምርም። አምስት ወር ሙሉ የጠፋብን ግን እሱ ባለመኖሩ ነው።

ለእናታችን ጥያቄም መልሱን ይዘን መጥተናል። እማማ፣ አይበላም፣ አይጠጣም። ቤት ውስጥ ግን ይቀመጣል፤ በር ላይ። የእርስዎን የሳምንት መዋጮ የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነበረብን፤ አሁን አውቀናል።

ሠንጠረዡን እዩት፣ ጠይቁን፣ ከዚያ ድምፅ ስጡ።